የአዋሌ ግማሽ ኩባያ

ለምወድዎ አባቴ፣ ካሉበት ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የክረምቱ ብርድ አልጠናብዎትም? ጆሮዎስ? በስልክ ስንነጋገር ግማሹ ስለማይሰማዎ ይህን ደብዳቤ ወደ አገር ለሚገባ ሰው አስይዣለሁ፤ የአክስቴ ልጅ ጸደንያ ቀስ ብላ ታንብብልዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም።

እናንተ ዘንድ አሁን ጭቃ ነው። እዚህ ሀርጌሳ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ቀርቶ ነፋሱ ቀን ከሌት አቧራ ይግተናል። ጠዋት የጠረግኩት ቤት ለምሳ አይደርስም። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ወጥ ሲነካው እንባዬ ይመጣል። ውሃ የምናገኘው በቦቴ ነው፤ ቦቴው ከቀረ ልብስ አይታጠብም። ከከተማው ውጭ ደግሞ ግመል እንኳ መቆም አቅቶታል ይላሉ።

አሠሪዬ ዴቃ አባቷን አዋሌን ከዚያ ገጠር አመጣቻቸው። ድርቁ ያተረፈላቸውን ጥቂት ግመሎች ለወንድማቸው ልጅ ለማህዲ ትተው ነው የመጡት። ደህና ክፍል፣ ለስላሳ ፍራሽ ተሰጣቸው። ታዲያ ውሃ ስሰጣቸው ግማሹን ብቻ ጠጥተው ኩባያውን ይመልሱልኛል። የጠገቡ መስሎኝ ብደፋው ክፉኛ ተቆጡኝ። ለግመሎቹ ነው አሉ። ዴቃ እንዳስረዳችኝ፣ በድርቅ ጊዜ እንስሳው ሳይጠጣ ጠጥቶ መርካት ለእሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ነውር ነበር።

ከዚያ ወዲያ ትርፉን በሳፋ እያጠራቀምኩ በር ላይ አስቀምጥ ጀመር። 31 ሜይ በሚባለው ሰፈራችን ፍየል እንደ ልቡ ይዞራል፤ ፍየሎቹ መጥተው ሲጠጡ አዋሌ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያዩአቸዋል። ፊታቸው የሚፈታው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። አንድ ቀን አባትሽ ከብት አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። በተሰባበረ ሶማሊኛዬ፣ ቡሬ የሚባል በሬ አላቸው አልኳቸው። እንግዲያው ደህና ነው አሉኝ።

ባለፈው ወር ማህዲ ደውሎ የቀሩትም ግመሎች ማለቃቸውን ነገራቸው። አላለቀሱም። ውሃ ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው፤ እስከ ጠብታው ጨርሰው ባዶውን ኩባያ መለሱልኝ። ዴቃ ዛሬስ ደህና ጠጡ ብላ ደስ አላት። ዳግመኛ ደጃፍ አልወጡም፤ ሳምንት ሳይሞላ አረፉ።

አባባ፣ ወንድሜ አክሊል፣ እርስዎ ለመስቀል ቡሬን ሸጠው፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ደሴ እሱ ቤት ሊገቡ መሆንዎን ሲነግረኝ እኔም እሰይ ብዬ ነበር። አሁን ፈራሁ። አክሊል ክፉ አላሰበም፤ ዴቃም ክፉ አላሰበችም። እለምንዎታለሁ፣ ቡሬን አይሽጡት። ማረሱ ቢያቅትዎ ሌላ ሰው ይረስበት፤ ማታ ግን ከእርስዎ በረት ይግባ።

አክስቴን ወለተማርያምን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ጸደንያን ዓይኗን እስማለሁ፤ እያነበበች እንዳታለቅስ። አክሊል በዚህ ነገር አይቀየመኝ። ለቡሬም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ውሃውን እርስዎ ራስዎ ያጠጡት።

ልጅዎ ብርቅነሽ
ሀርጌሳ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.