ወፍጮውን ያቆመችው ዳክዬ

ውድ ኢኒድ፣

በካርዱ ላይ የምታዪው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው የውሃ ወፍጮ ነው፤ የድንጋዩን ቀለም ግን አበላሽተውታል። አርባ ዓመት ቆሞ ከኖረ በኋላ ትናንት ሊዞር ስለነበር መንደሩ በሙሉ ጃንጥላውን ይዞ ወንዙ ዳር ወጣ። አዲሱን መንኮራኩር የሠሩት አናጢ ሚስተር ፔንፎልድ ልባቸው ስለደከመ በተሽከርካሪ ወንበር መጡ። ሐኪሙ ብዙ እንደማይቆዩ ነግሯቸዋል፤ ምኞታቸው ሲዞር ማየት ብቻ ነው። ልጃቸው ማርጀሪ ውሃውን ልትለቅ ጎንበስ እንዳለች ጮኸች።

«አባባ፣ መንኮራኩሩ ላይ ዳክዬ እንቁላል ታቅፋለች!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል? ትደነግጣለች እኮ! ተያት።»

«አንተስ? ይህን ቀን ስትጠብቅ አልነበር?»

«እሷ ቀድማኛለች። ወረፋዬን እጠብቃለሁ።»

ማንም አላጉረመረመም፤ ኬካችንን በልተን ተበተንን። በእኛ ከተማ እንኳን ለዳክዬ ለአሮጊትም መንገድ የሚለቅ የለም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ወፍጮው ስሄድ ሚስተር ፔንፎልድ ብርድ ልብስ ተከናንበው አጠገቡ ያለው ድልድይ ላይ ተቀምጠዋል።

«አንዱ ቅርፊቱን ሰበረ!» አሉኝ፣ ጉንጫቸው ቀልቶ። «ጫጩቶቹ ወንዝ እንደገቡ ውሃውን እንለቃለን። እርስዎም ሳያዩ እንዳይሄዱ!»

ሐኪሙ ያንን ፊት ቢያይ የተናገረውን ያርም ነበር።

አበቦቼን አጠጪልኝ፤ ከሥር ነው እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሺ። ወንድምሽን ሲሪልን ሳሚልኝ። ቦታው ጠበበኝ። እኔም ወረፋ ይዣለሁና ሐሙስ አትጠብቂኝ።

ያንቺው ሲቢል