ፒክአፗ የተነሳች ቀን

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ሁላችንም ደህና ነን። ሁላችንም ስል እኔ፣ አባባና ያቺ አሮጌ ፒክአፕ ማለቴ ነው። ከሦስታችን ማን አስቸጋሪ እንደሆነ አንተው ገምት።

በስልክ ብነግርህ "አይዞሽ፣ በርቺ" ብለህ ትዘጋዋለህ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

ሌላ ከተማ ያለውን ባለ ጋራዥ ነግሬህ ነበር፤ "ሴት መካኒክ ቀጥሬ አላውቅም፣ ግን ነይ እስቲ" ያለኝን ሰውዬ። ቦታዬን እስከ ወሩ መጨረሻ ይይዝልኛል። ለአባባ ስነግራቸው አልተቆጡም። "ፒክአፗን አስነሺልኝና በማግስቱ ሂጂ" አሉኝ። እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ጉንጫቸውን ሳምኩ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ዓይናቸው በጣም ደክሟል፤ አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚታያቸው። ወንበራቸውን ከመኪናዋ አፍንጫ አስጠግተው ይቀመጡና እሳቸው ያዛሉ፣ እኔ እፈታለሁ። ቫልቮቹን የሚያዘው የሞተሩ ካቴና ረግቦ ጥርስ ዘሏል፤ ቫልቮቹ በጊዜያቸው አይከፈቱም፣ በጊዜያቸው አይዘጉም። የሞተሩን የፊት ክዳን ከፍቼ አዲስ ካቴና አስገብቼ የላይኛውንና የታችኛውን ጥርስ ምልክት ከምልክት ገጠምኩ። ከዚያ ቁልፉን ባዞር በካርቡራተሩ በኩል እሳት ተፋችብኝ። ቅንድቤ ተለበለበ፣ አባባ ሳቁ።

"ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ አየሽና አመንሽው አይደል? ሁለቴ እኮ ነው የሚወጣው! አንዴ ነዳጁን ሊያምቅ፣ አንዴ ጭሱን ሊያስወጣ። የመጀመሪያውን ካንዴላ ፍቺና ቀዳዳውን በአውራ ጣትሽ ድፈኚው። ጣትሽን ሲገፋው ነው እሳቱ የሚፈለገው።"

እንዳሉኝ አደረግሁ። ጣቴን ገፋው፤ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር በዚያው ልክ አዙሬ አሰርኩት። በሙከራ ብዛት ባትሪው ስለደከመ ግን "ጎረቤት ወስደሽ አስሞዪውና ነገ ትሞክሪያለሽ" አሉኝ። በነጋታው ሞላሁት፣ አዞርኩ፣ እሳት። እንደገና አስተካከልኩ፣ እንደገና ባትሪው ሞተ፣ እንደገና ጎረቤት። በየቀኑ ይኸው ነው። ጋኔን ገብቶባታል ልል ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ የጥፍር ቀለሜን አመጣሁ። ዲስትሪቢውተሩን ካሰርኩ በኋላ ከአንገቱ ጀምሬ እስከ ሞተሩ ድረስ ቀጭን ቀይ መስመር አሰመርኩና ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ። በማግስቱ ቁልፉን ከመንካቴ በፊት ኮፈኖውን ከፍቼ አየሁ። መስመሩ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ሆኗል። ብሎኑ ግን ጥብቅ ብሏል። እዚህ ግቢ ውስጥ መፍቻ መያዝ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፣ ወንድም ጋሼ። በጣታቸው ዳስሰው ፈትተው፣ አዙረው፣ መልሰው አጥብቀውታል። ቀለሙን በምን ዓይናቸው ይዩት?

ደሜ ፈላ። መስመሩን ገጠምኩ፣ አጠበቅኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። እንዴት ብላ ተነሳች መሰለህ! እንደ ስፌት መኪና ነው ድምፅዋ። አባባ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ፊታቸው ላይ ደስታ ፈልጌ አጣሁ፤ የፈሩ ሰው ፊት ነበር።

"አባባ፣ ተነሳች እኮ!"

"ትንሽ ምት ትዘላለች" አሉኝ። "ቫልቭ ነው። የፊቱን ክዳን እንደገና ብትከፍቺው ይሻላል፣ ልጄ።"

አንድም ምት አልዘለለችም። እሳቸውም ያውቃሉ፤ እንዳወቅሁባቸውም ያውቃሉ መሰለኝ። ልጮህባቸው ነበር፤ ግን አንተ ትዝ አልከኝ። አንተ ስትሄድ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔን ግን እንዳልሄድ በብሎን ለመኑኝ።

ሞተሩን አጠፋሁ። ክዳኑ አሁን ተፈትቶ መሬት ላይ ነው፤ ወሩም እያለቀ ነው። እወዳቸዋለሁ፣ ግን እዚህ ግቢ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮኛል። ማታለላቸውን ብጠላው በወጣሁ ነበር፤ መጥላቱ አቃተኝ።

ና። ለዘላለም አላልኩህም፤ መጥተህ እጃቸውን ያዝና እኔ የምወጣበትን በር ክፈትልኝ። ደግሞ ቶሎ ና። ዛሬ ጠዋት "ካቴናውንም አውጪውና እንየው" ብለውኛል። እኔም "እሺ፣ አባባ" ብያለሁ።

የምትጠብቅህ እህትህ