ለአባባ የፊት ወንበር

ዓርብ፣ የካቲት 12

ከጁምዓ በኋላ ከአባባ ጋር ጓደኛዬ ሰይድ ሱቅ በር ላይ ቁጭ ብለን ስለ እሁዱ ሬስሊንግ ስንከራከር ዋልን። ሰይድ "በስልኬ እናያለን" ይላል። የቆቦ ኔትወርክ መቼ ታምኖ ያውቃል? ጎረቤታችን መሐመድ ግን ሮቢት ያለው ዲሽ ቤት ትልቅ ስክሪን ማስገባቱን ነገረን።

ይሄኔ አባባ ፊቱ በራ። ሬስሊንግ ያስለመደኝ እሱ ነው።

"እንግዲያው ሮቢት ነው የምንሄድ። ባለፈው ስልኩ ትንሽ ሆኖብኝ ነው ጭልም ያለብኝ። ከፊት ወንበር ያዝልኝ" አለኝ።

የአባባን ዓይን የመረመረው ሐኪም ትናንት ለብቻዬ ጠርቶ የዓይኑ ብርሃን ከእንግዲህ እንደማይመለስ ነግሮኛል። ለአባባ እስካሁን አልነገርኩትም። ሁሉም መልሴን ይጠብቃሉ።

"ኢንሻአላህ እይዝልሃለሁ" አልኩት።

ትከሻዬን ይዞ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ማን እንደሚያሸንፍ ሲያወራኝ መጣ። ብወስደው አያይ። ብነግረውስ ከዚያ ወዲያ ምን ሊጠብቅ ነው?