የባለቤቴን የዊብረንን አፍንጫ በተመለከተ

ለክቡር አቶ ፋን ሄርሴል፣
የሰሜን ክልል የካንሰር ሕክምና ምክር ቤት ሊቀመንበር

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም በጋዜጣ ላይ እጅግ አምሮ ላየሁት አፍንጫዎ፣ የማይጓደል ጤና እመኛለሁ።

እኔ በቴርስኼሊንግ ደሴት የምኖር ሂልትየ የምባል፣ ዕድሜውን ሁሉ የመርከብ ገመድ ሲያስርና ሲፈታ የኖረው የዊብረን ሚስት ነኝ። ጊዜዎ ውድ እንደሆነ ስለምረዳ ቅሬታዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ባለፈው ጥቅምት ዊብረን አፍንጫው ውስጥ አልድን ያለ ቁስል ወጣበት። «የባሕር ንፋስ ነው፣ አትጨቅጭቂኝ» ቢለኝም ባሕር አሻግሬ ሆስፒታል እየጎተትኩ ወሰድኩት። እዚያ ያለችው ዶክተር ሪክስት ካስመረመረች በኋላ ካንሰር መሆኑን ነገረችን። «ግን ገና ትንሽ ነው» አለችው። «ቀጫጭን ቱቦዎች አፍንጫዎ ላይ እንሰካና ጨረሩን በነሱ በኩል ከውስጥ እንሰጥዎታለን። ጥቂት ቀን ይተኛሉ፣ ቱቦዎቹ ይወጣሉ፣ አፍንጫዎም ይተርፍልዎታል።»

ዊብረንም፣ «ጃርት መስዬ መርከብ ላይ ብወጣ ለጃርት ቲኬት ያስቆርጡኛል?» አላት። ሦስታችንም ሳቅን። ስለዚያ ሳቅ ምክር ቤትዎን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ይህ ሕክምና የሚሰጥበትን ክፍል ልትዘጉት መወሰናችሁን ለዶክተሯ እንኳ ገና አልነገራችኋትም ነበርና።

ሁለተኛ፤ ክፍሉ የተዘጋው የአፍንጫ ካንሰር ያለበት ሰው ጥቂት በመሆኑ እንደሆነ ተገልጾልናል። በቂ ሕመምተኞች ሆነን ባለመገኘታችን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ባለቤቴ ብቻውን ሊበዛ አልቻለም። በደግነታችሁ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል መራችሁን። እዚያ ወረፋ ነበር። ዶክተር ሪክስት ስትደውል፣ ስትለምን፣ በረዶው መጣ፣ በረዶውም ቀለጠ። ሲጠሩን ቁስሉ አጥንት ድረስ ዘልቆ ነበርና ለቱቦው ዘግይታችኋል ተባልን። ዘግይታችኋል የተባልነው እኛ ነን፣ ክቡርነትዎ። አፍንጫውን ቆርጠው አወጡት።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ለምክር ቤት የሚመጥን አይደለም፣ ግን ልጻፈው። ፋሻው የተነሣ ዕለት ዊብረን ጋዜጣ ሊያነብ መነጽሩን አደረገ፤ የሚያርፍበት ስላልነበረው ጭኑ ላይ ወደቀ። አንስቶ እንደገና ሞከረ። ከዚያ በእጁ እንደያዘው አነበበ፣ እኔም ወጥ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

የሥራ ባልደረባው ዱዌ ሊጠይቀው መጥቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ስለ አየሩ ሲያወራ ቆየ። «ዱዌ፣ ወደኔ ዙር እንጂ፤ ግድግዳው ጤነኛ ነው» አለው። ዱዌ ዞረ፣ አየው፣ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። አልፈርድበትም፤ እኔም ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

በግንቦት ካንሰሩ አንገቱ ላይ፣ ቀጥሎም ሳንባው ላይ ተገኘ። ዶክተር ሪክስት በዕረፍት ቀኗ ባሕር ተሻግራ ቤታችን ድረስ መጥታ ነገረችን። «ይሄ መሆን አልነበረበትም» አለች።

«እሱን ለኔ ሳይሆን ለነሱ ንገሪያቸው» አላት ዊብረን።

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉሽ?»

«አመሰገኑኝ።»

ስለሆነም፣ ክቡርነትዎ፣ እኔም ይህን መልካም ልማድዎን ተከትዬ፣ ምንም ሳልለምንዎ፣ ምንም ሳልጠብቅ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ እሰናበትዎታለሁ።

ጥቂት ናቸው ከተባሉት የአንዱ ሚስት፣
ሂልትየ

ማሳሰቢያ፦ ከተዘጋ የከረመው ክፍል ይዘጋ ወይስ አይዘጋ በሚለው ላይ የሕመምተኞችን ሐሳብ ለመስማት ለመጪው መስከረም ለጠራችሁት ስብሰባ ግብዣችሁ ዛሬ ደርሶናል። ዊብረን እስከ መስከረም እንደማይቆይ ስለተነገረን ሐሳቡን አሁኑኑ ጠየቅኩት። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቆ፣ «መስኮቱን ክፈችልኝ» አለ። እንዳለ አስተላልፌያለሁ።