የወንድሜ የክርስትና ስም

የካቲት 24/2011፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ዛሬም ፉል። ቅበላ ነው፤ እማዬ ግን ሥጋ አልገዛችም። እኛ ስደተኞች ባለንበት ዴም ሰፈር በየቤቱ ይጠበሳል፣ ሽታው በመስኮት ይገባል። ጎረቤታችን የወሎዋ እትዬ ዘይነባ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው መጡ። «ያረድኩትን እንደማትበሉ አውቃለሁ። እንቁላል ቢላ አይነካውም፣ ብሉ!» እማዬ ፈገግ አለች። ከስንት ቀን በኋላ። አንዱን ልጣ ሰጠችኝ፣ የራሷን እንደያዘች ቀረች።

ዮናስ ከሞተ 31 ቀን።

ደብተሬ፣ ከጾም በፊት የተጣላ ይታረቃል ይባላል። እኔ የተጣላሁት ከሱ ጋር ነው። ጫማዬን ሳያስፈቅድ አደረገ ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩት። በአራተኛው ቀን ሱቅ ዐረቢ ገበያ ሰልፍ ሲበተን ጥይት አገኘው። ሰልፍ ወጥቶ ነው ይላሉ። ለታላቅ ወንድሜ የሰጠሁት የመጨረሻ ነገር ይህ ነው? ኩርፊያ?

የካቲት 25፣ ሰኞ፣ ማታ 12፡30

ጾም ገባ። ት/ቤት ግማሹ ክፍል ባዶ ነው። የመጡትም ስለ ሰልፍ ያወራሉ፣ እኔ ስደርስ ወሬ ይለውጣሉ።

ከትምህርት መልስ ቤ/ክ ሄድኩ። አባ የሙታንን ስም እያነሱ ይጸልያሉ። ወልደ ገብርኤል አሉ። ወልደ ገብርኤል እኔ ነኝ!

አሁን ነው ትዝ ያለኝ። በቀብሩ ዕለት አባ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። እማዬ ራሷን ስታ ነበር። መልስ የሰጠሁት እኔ። አፌ ላይ የመጣው የራሴ ስም ነው። ፍትሐቱም፣ በየቀኑ የሚጸለየውም፣ ሁሉ በእኔ ስም። ለዮናስ አንድም የለ።

የሱን ደግሞ አላውቀውም። አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ተኝተን አንድ ቀን አልጠየቅኩትም።

የካቲት 27፣ ረቡዕ

የእማዬን ሻንጣ በረበርኩ። የስደተኛ ወረቀቶች፣ የዮናስ የፈተና ውጤት (ከኔ ይበልጣል)፣ የኔ የጥምቀት ወረቀት። የሱ የለም። የተጠመቀው እማዬ ገዳሪፍ ስደተኛ ካምፕ እያለች ነው፣ ያኔ ወረቀት ማን ይሰጣል።

እማዬን ብጠይቃት ለምን ትለኛለች። ለምን ካለችኝ ኻላስ፣ አለቀ። ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳት፣ ሥራ ውላ ባትሰማውም፣ ያ ጸሎት ብቻ ነው። ባዶ ነበር ልበላት?

አርባው መጋቢት 3 ነው። አባ ያንኑ ስም ሊጠሩ ነው።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

ለአባ ተናዘዝኩ። ኩርፊያውንም ስሙንም። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። በቁምህ ፍትሐት ተፈትቶልሃል፣ ስትሞት አታስቸግረንም አሉ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? እግዚአብሔር በተሳሳተ ስም የማን ነፍስ እንደሆነ ይጠፋዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «ለሱ አይጠፋም። የጠፋው ላንተ ነው።»

ቀኖናዬ በቀን አርባ ስግደት። ይሄ ይቀላል። ሌላው፣ ስሙን ከእናቴ ተቀብዬ ከአርባው በፊት ማምጣት። ሌላ ሰው እንዳልልክ ከለከሉኝ።

የካቲት 29፣ ዓርብ፣ 11 ሰዓት

ነገርኳት።

ዐማራት ሰፈር የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ መጣች። አልበላችም ገና። በሩ ላይ እንደቆመች ጀመርኩ፣ ካልሆነ አልችልም ነበር። ጫማዋን እያወለቀች ሰማችኝ። አንዱን አውልቃ ሌላውን ተወችው።

የሱ ኃይለ ሚካኤል ነው አለችኝ። ድገመው አለች። ደገምኩት። እንደገና። አራት ጊዜ። እስካሁን በማን ስም ነበር የተጸለየው አለች። በኔ ስላት አፌን በእጇ ያዘችው፣ ክፉ ቃል እንዳወጣሁ።

ይቅር በይኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። አላነሳችኝም፤ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እሷም ተናገረች። ያን ቀን ዮናስ ሰልፍ አልወጣም። የደም ግፊት መድኃኒቷ አልቆ ሱቅ ዐረቢ የላከችው እሷ ናት። ቆይ ልብላ ብሏት ነበር፣ ያላ ቶሎ ሂድ ብላዋለች። ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለአባም።

እጇን ያዝኩ፤ በረኪና ይሸታል።

ነገ ጠዋት ለአባ ብቻዬን ልነግራቸው ነበር። እምቢ አለች። እሱንም ብቻውን ነው የላክሁት አለች። ሥራ ትቀራለች፣ እኔም የቅዳሜ ክፍል እቀራለሁ። አንድ ላይ እንሄዳለን። ስሙን እኔ እናገራለሁ። የሷን ኑዛዜ እሷ።