ጅራት የሌላት እንግዳችን

የካቲት 6፣ 2009፣ ሰኞ ረፋድ፣ ጁባ

የውሃ ቦቴው አልመጣም። ጄኔሬተሩ ያስላል። ደብተሬ፣ እነዚህን ሁለቱን በየሳምንቱ ስለምጽፍልህ ዝለላቸው። ዛሬ ሌላ ጉድ አለ፤ አንገቴ ላይ።

ከምዕራብ በኩል ጣውላ የሚያመጣው ደንበኛችን፣ ለጋሽ ታደለ ስጦታ ነው ብሎ አንድ ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ጋሽ ታደለ የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ እኔ ሥራ አስኪያጅ። ስለዚህ እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ እከፍታለሁ። ማንጎ መስሎኝ ነበር። ጥቁር፣ ፀጉራም፣ ጆሮ ብቻ የሆነች የዝንጀሮ ሕፃን! እጇን ዘረጋች፣ ሸሚዜን ያዘች፣ በቃ። አስተናጋጆቹ ቢጎትቷት ወይ ፍንክች። የቢራ ቆጠራውን ከእሷ ጋር ጨረስኩ። ሽንት ቤትም አብረን። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የካቲት 8፣ ረቡዕ

ስም ወጣላት፦ ማሚቱ። ያወጡት ጋሽ ታደለ ናቸው። ገበያው ደርቷል። ከንያኩሮን፣ ከኮር ዊሊያም ሰፈር ሳይቀር በቦዳ ቦዳ ሞተር እኛ ጋ አትላባራ ድረስ የሚመጣ አለ። ዓሣ ጥብስ ያዝዝና ከማሚቱ ጋር ፎቶ ይነሳል። ጋሽ ታደለ የቤቱን ስም ሊለውጡ ነው፦ «ማሚቱ ባርና ሬስቶራንት»። ቀለም ቀቢ ተጠርቷል።

ሽሮ አትወድም፤ ትተፋለች። ማንጎ ትወዳለች። ፍሬውን ሸሚዜ ውስጥ ታስቀምጣለች። ዛሬ ደግሞ ወጥ ቤት ገብታ የበላይነሽን ነጠላ ለብሳ ወጣች። በላይነሽ ወጥ ቤታችንን ቀጥ አድርጋ የያዘች ሴት ናት። ማማሰያዋን እንደያዘች መጥታ፣ ወይ እኔ ወይ ዝንጀሮዋ አለች። ጋሽ ታደለ ሳቁ። መሳቅ አልነበረባቸውም። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ጎን ለጎን ቆመው በእኔ በኩል ነው። «ንገሪያት።» «ንገሪያቸው።»

እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። የምን ድምፅ ነው አለች። ሕፃን አዝዬ ነው አልኳት፣ ሳላስብ። ከዚያ እልልታ። ነገሩን ሳላስረዳት ካርዷ አለቀ።

የካቲት 11፣ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ዶ/ር ኒያቦል የምትባል ሴት ምሳ ልትበላ መጣች። የዚሁ የደቡብ ሱዳን ሰው ናት። ያደገችው ጋምቤላ፣ የተማረችው አዲስ አበባ፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። ሥራዋ ምዕራቡ ጫካ ውስጥ ቺምፓንዚ ማጥናት ነው። መንገዱ በጦርነቱ ስለተዘጋ ጁባ ቢሮ ተቀምጣ ወረቀት ታጠናለች።

ማሚቱን አየች፣ የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ አስቀመጠች። መሬት ላይ ቁጢጥ አለች፣ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፣ ኡህ ኡህ ኡህ እያለች በቀስታ ትተነፍስ ጀመር። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ማሚቱ ግን ከአንገቴ ወርዳ ሄደችና የሴትዮዋን ቅንድብ ትፈትሽ ጀመር። ቀናሁ። ለአንተ ምን እደብቃለሁ፣ ቀናሁ።

ከዚያ ክርክር። ይቺ ዝንጀሮ አይደለችም፣ ጅራት የላትም አለች ዶ/ሯ።

«ታዲያ ምንድን ናት?» አሉ ጋሽ ታደለ።

«ዘመድዎ ናት።»

«እኔ የመንዝ ሰው ነኝ!»

«ሩቅ ዘመድ ነው ያልኩት፣ ጋሼ።»

ቀስ ብላ ነገረቻቸው። እንዲህ ያለች ሕፃን ከእናቷ አትላቀቅም። ሊወስዳት የፈለገ እናቷን ይገድላል፤ ሊያስጥሉ የሚመጡትንም። ጋሽ ታደለ ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ማንንም አልገደልኩም፣ እወዳታለሁ እንጂ አሉ። ችግሩ እሱ ነው አለች። ጫካን የሚጠላ ሰው አጋጥሟት አያውቅም፤ ሁሉም ይወደዋል፣ ከወደደው ላይ ቆርጦ ቤቱ ይወስዳል። ቀለም ቀቢው መሰላል ላይ ሆኖ ልቀጥል ወይ እያለ ይጠይቃል። ብሩሹን ነከረ። ቀጠለ።

የካቲት 13፣ ሰኞ

ሁዳዴ ገባ። ማሚቱ ከደንበኛ ሳህን ላይ እንቁላል መንትፋ ባንኮኒው ላይ ወጥታ በላች። በላይነሽ በሩ ላይ ቆማ አማተበች።

ዶ/ሯ ዛሬም መጣች። እያስተማረችኝ ነው። ዓይን ዓይኗን ማየት ጠብ መፈለግ ነው። ጥርሷን ማሳየቷ ሳቅ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ስልኬ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አየሁ። በሁሉም ላይ ጥርሷ ይታያል።

የካቲት 18፣ ቅዳሜ

ሙዚቃ። ማሚቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። ትደንሳለች ብሎ ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ዶ/ሯ ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ፦ እናት የሌላቸው ራሳቸውን የሚያባብሉት እንዲህ ነው። እጄን የት ላድርገው?

ለጋሽ ታደለ ነገርኳቸው። ሙዚቃውን አጠፉ። ደንበኛ ጮኸ። ከፈቱ። ማሚቱን አዩ። መልሰው አጠፉ። «ማፊ ሙዚቃ! የለም! ጄኔሬተሩ ተበላሽቷል!» አሉ። ጄኔሬተሩ እየተንደቀደቀ፣ አምፖሉ ሁሉ በርቶ።

የካቲት 21፣ ማክሰኞ

ጋሽ ታደለን ነከሰቻቸው! ከአንገቴ ላይ ሊወስዷት ሲሞክሩ ጣታቸውን። ክሊኒክ። መርፌ። ፋሻ። ጩኸታቸው አይነገርም።

ሲመለሱ ማሚቱ ከባንኮኒው ሥር ወጣች። ከንፈሯን አሹላ፣ መዳፏን ወደ ላይ ገልብጣ እጇን ዘረጋችላቸው። ዶ/ሯ ተረጎመች፦ ታረቁኝ ማለቷ ነው። ተጣልተው ብዙ አይቆዩም፣ ነገም አብረው መዋል አለባቸውና። ጋሽ ታደለ ደህናውን እጃቸውን ሰጧት። ዓይናቸው ቀላ። መርፌው ነው አሉ።

ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ወጥ ቤት። በሩ ላይ ቆመው ለበላይነሽ እጃቸውን ዘረጉ፣ መዳፍ ወደ ላይ። እሷ ከድስቱ ቀና ሳትል፣ መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ፣ መጀመሪያ ነጠላዬ ይታጠብ አለች። አጠቡት። በአንድ እጅ።

መጋቢት 8፣ ዓርብ፣ ኡጋንዳ

ጋሽ ታደለ ራሳቸው ናቸው ትሂድ ያሉት። ዶ/ሯ ፈቃዱን አስጨረሰች። እንደ እሷ ወላጅ የሌላቸው ቺምፓንዚዎች የሚያድጉበት ጫካ ተገኘ። ከአንገቴ ስለማትወርድ እኔም ተከተልኩ። የትንሿ አውሮፕላን አብራሪ ሁለታችንን አንድ ላይ መዘነን። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ማንበብ አልነበረበትም።

እዚህ በሽታ እንዳይኖርባት መጀመሪያ ለብቻዋ ትቆያለች። እዚህ የምታሳድጋቸው ሴት ከእኔ ላይ አላቀቀቻት። ጮኸች። ጮህኩ። ዶ/ሯ ክንዴን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችኝ።

ሰኔ 17፣ ቅዳሜ፣ ኡጋንዳ

ዛሬ ከመንጋው ጋር ልትቀላቀል ነው ተባለ። ልይ ብዬ መጣሁ፤ ከአጥር ወዲህ። ትልቅ ሆናለች። አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ አሮጊት ቺምፓንዚ ቀረበቻት፣ አሸተተቻት፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ትፈትሽላት ጀመር። ማሚቱ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። እኔ ያን ሁሉ ተሸክሜያት!

ዶ/ሯ በሹክሹክታ፦ ስሟን ከጠራሽ ትመጣለች። ከመጣች ግን አሮጊቷ ሁለተኛ ላትቀበላት ትችላለች።

አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ስልኬ ጮኸ፣ ጋሽ ታደለ፣ በቪዲዮ።

«የታለች? አሃ! ምነው ጀርባዋን? ጥሪያት እንጂ! ቆይ እኔው ልጥራት፣ ማ—»

ዘጋሁባቸው። በአሠሪዬ ላይ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። እንደገና ይደውላሉ። ይደውሉ።