ስሜን ከሙሾው ላይ አንሺልኝ

ፋንዬ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የአክራ ምድር በደህና ያኑርሽ። እኛ ብሩክሊን ሴንተር ደህና ነን። አባትሽ ስኖው እየዛቀ «ያለ ደመወዝ የሙዚቃ መጽሔት የሚያዘጋጅ ሰው ምን ያገኛል?» ይላል፤ ታክሲውን ሲነዳ ግን ለተሳፋሪ ሁሉ መጽሔትሽን ያሳያል።

በስልክ ልነግርሽ ስላፈርኩ ነው የምጽፈው። «የእናቴ ሙሾ» ብለሽ ያወጣሽው የእኔ አይደለም፣ የእትዬ የሻረግ ነው። ባሏ ጋሽ ሐብተማርያም ያረፉ ጊዜ ሙሾ ስታወርድ፣ ሳታየኝ ሪኮርድ አድርጌ ላክሁልሽ። «ማሚ፣ ያንቺ ነው?» ስትዪኝ ደስ እንዲልሽ ብዬ አዎ አልኩ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ መጽሔትሽን አይተው «ገጣሚዋ!» እያሉ ሲስሙኝ እትዬ የሻረግ መጣች። «ለካ ለባሌ ከእኔ የበለጠ ያለቀስሽለት አንቺ ነሽ!» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማግስቱን ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ለመንኳት። «የኔስ ስም ይቅር፤ የሱ ስም እንዴት ይቀራል?» ብላ አለቀሰች።

እባክሽ ልጄ፣ መጀመሪያ ደውለሽ አስፈቅጃት። ከፈቀደችልሽ በሚቀጥለው እትም የእሷንም የባሏንም ስም ጻፊ፣ የእኔን አንሺ። የድካምሽን ፍሬ ያሳይሽ፤ የእኔ ውሸት አያበላሽብሽ። ብትቆጪኝም እንኳ መልስ ጻፊልኝ።

እናትሽ